ተቀያሪው የት ሄደ?

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆሜ ልጆቼን ስቆጥር 12 ላይ አለቀብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 12። አንዱ የታኬታው ሶል አፉን ከፍቶ በላስቲክ ጠፍሮታል። ሌላው ከጉንፋን ገና መነሳቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማሊያ ሳይለብስ "ጋሼ፣ አራት ሰዓት ላይ ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ" ብሎ አስጠንቅቆኛል። እንግዲህ ቡድን ብዬ ይዤ የወጣሁት ይህን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ሰዓት ለሁሉም የሚበቃ ማሊያ የማጣበት፣ ሁለት ልጅ አንድ ቁምጣ ላይ የሚጣላበት ጊዜ ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ 20 ደቂቃ ሳይሞላ በረኛችን ጣቱን ተመታ። ዓይናችን እያየ አበጠ። በረዶ ስለሌለ ከሱቅ በላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝተን ላስቲኩን ጣቱ ላይ አሰርንለት። ከዚያ ዞሬ "ማን ይግባ?" አልኩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ መምህር ጥያቄ ጠይቆ የሚመልስ ሲፈልግ ክፍሉ እንደሚሆነው። በመጨረሻ አማካያችን፣ የቡድኑ ዋና ሰው፣ "እሺ እኔ ልግባ" አለ። ጓንቱ ለእሱ እጅ የትራስ ልብስ ነው። በረኛ አገኘንና አማካይ አጣን። 4 ለ 1 ተሸነፍን። ልጁን አልወቅስም፤ አንዷን እንዲያውም በግሩም ሁኔታ አድኗታል።

ወደ ቤት ስመለስ ሐሳቤ ጥር 21 ቀን 2005 ላይ አረፈ። ያን ምሽት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኛ ካዛንቺስ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ተደራርበን ነው ያየነው፤ የእኔ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ስንገናኝ በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፣ ተቀያሪው በረኛ ዘሪሁን ታደለ ገባ፣ አዳነ ግርማ አገባና በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጣን። ያ ቀን ጥር 13 ነበር፤ በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ዋንጫውን ያነሳንበት ዕለት። በጨዋታው ማግስት ሰፈሩ ሁሉ ትንቢት ተናጋሪ ሆኖ ነበር።

በዚያ በጥር 21 ምሽት ደግሞ ናይጄሪያ መጣ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪያችን አልቋል። የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ የቪክቶር ሞሰስን ፍፁም ቅጣት ምት ለመጠበቅ መስመሩ ላይ ቆመ። ቡና ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሌላው "ምን ያስቅሃል?" ብሎ ተቆጣው። 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን።

እኔን ግን የበለጠ የሚከነክነኝ በሁለቱ መሃል ያለው፣ የቡርኪና ፋሶው ጨዋታ ነው። እነሱም በረኛቸው በቀይ ወጥቶባቸዋል። ያኔ የሚመሩት 1 ለ 0 ብቻ ነበር። ተቀያሪያቸው ዳውዳ ዲያኪቴ ገባ፤ እነሱ በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨመሩና 4 ለ 0 አሸነፉን። ዲያኪቴም እስከ ፍፃሜው ድረስ በሩን ጠብቆ ዘለቀ። ሁለት ቡድን፣ አንድ ዓይነት መከራ። አንደኛው የሚያስገባው ተቀያሪ ነበረው። ስለ ቡድን ጥልቀት ሲወራ ነጥብ ተሰልቶ፣ ዝውውር ተቆጥሮ፣ ብዙ ይባላል፤ ለእኔ ትርጉሙ ያ ነው፤ ሁለተኛው በረኛ ሲገባ ጨዋታው አለመቀየሩ።

ታዲያ ለምንድነው እኛ በረኛ የሚቸግረን? ክለቦቹም ቢሆኑ ችግሩን ያውቁታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኡጋንዳ ሮበርት ኦዶንካራን አምጥቶ ለዓመታት ተጠቀመበት፣ ከዚያ ከኬንያ ፓትሪክ ማታሲን፣ ከዚያ እንደገና ከኡጋንዳ ቻርልስ ሉክዋጎን። ገንዘብ ያለው ይገዛል። ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2016፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አይተናል፤ ቡድን መልሶ መሥራት ገንዘብ ካለ በአንድ ክረምት ይቻላል ማለት ነው። የእኔ ቡድን ካዝና ደግሞ የሻይ ቤት ዱቤ ደብተር ነው።

ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ይህን ለመረዳት እኔም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ካዛንቺስ፣ ስሟ ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የመጣው ይህችው ሰፈራችን፣ በ2017 መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ነዋሪው ተበተነ። ብዙው ገላን ጉራ ገባ፤ የቀረው ዘመድ ወዳለበት፣ ኪራይ ወደረከሰበት ሄደ። ስለ ልማቱ ብዙ ተብሏል፣ እኔ ዛሬ ያን ልጨምር አልተነሳሁም። የማወራው ስለ ኳስ ነው። ያኔ የፈራሁት ጎበዞቹን እንዳላጣ ነበር። አጥቂያችን፣ አማካያችን፣ ያ ግራ እግሩ የሚናገር ልጅ፤ "እነዚህ ከሄዱ አለቀልን" ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሚገርማችሁ ነገር፣ እነሱ አልቀሩም። ጎበዙ ልጅ ከገላን ጉራ በሌሊት ተነስቶ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። መሰለፉን ያውቃላ!

የቀረው ተቀያሪው ነው። 14ኛው፣ 16ኛው፣ 19ኛው ልጅ። ለመቀመጥ ብሎ ማን ሁለት ታክሲ ይሳፈራል?

አንዲት እናት ይህን ከእኔ በተሻለ ነግራኛለች። ልጇን እንድትልክልኝ ልለምን እስከ አዲሱ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ቡና አፍልታ ተቀብላ፣ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ እንዲህ አለች፦

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ይሰለፋል ወይስ ይቀመጣል?"

"ለጊዜው ተቀያሪ ነው፣ እትዬ።"

"ለመቀመጥማ እዚህም ወንበር አለ።"

ምን ልበላት? ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ተመረቅኩና ወጣሁ።

ድሮ እኮ ተቀያሪ ማለት ለእኔ ቆርቆሮ በር ነበር። ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ ያለው አንድ ግቢ አስቡ። ከዚያ ግቢ ብቻ የግራ ተከላካያችን፣ የአጎቱ ልጅ፣ ኳስ አቀባዩ፣ ደግሞ ማሊያ የምታጥብልን እህታቸው ይወጣሉ። ሰው ሲጎድልብኝ ጠጠር አንስቼ በሩን ኳ! ማድረግ ነው። "ማን አለ?" "ታኬታህን ይዘህ ና!" ልጁ አፉ ውስጥ ዳቦ ይዞ፣ የታላቅ ወንድሙን ማሊያ እስከ ጉልበቱ አውርዶ ይመጣል። አምስት ደቂቃ ይጫወትና ይመለሳል። ማንም መልምሎት አያውቅም። ራሱም ተጠባባቂ መሆኑን አያውቅም፤ ሜዳው ቤቱ ስር ስለሆነ ብቻ እዚያ ያድራል፣ ይውላል፣ ትልልቆቹን ያያል። አንድ ቀን ትልቁ ይታመማል፣ እሱ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ አይወጣም። የእኔ ጎበዞች በሙሉ የተገኙት እንዲህ ነው። አንዳቸውም በምልመላ አልመጡም።

በረኛማ ጭራሽ የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ በፈቃዱ በረኛ አይሆንም። በረኛ የሚሆነው ትልልቆቹ "አንተ ትንሹ፣ ግባ በር" ብለው ሲያስገድዱት፣ ለመጫወት ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው። ሁለት ድንጋይ መሃል ቆሞ ጉልበቱን እየላጠ ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ ይወደዋል። ትልልቅና ትንንሽ ልጅ አብሮ የማይጫወትበት ቦታ በረኛ አይበቅልም። እኔ ይህን በጥናት አላረጋግጥላችሁም፤ ሃያ ዓመት ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ግምት ነው።

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ በስልክ ይስቅብኛል። እዚያ የኮሌጅ ፉትቦል የሚሉት፣ ያ በሞላላ ኳስ የሚጋጩበት ጨዋታ፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቡድን እስከ 105 ተጫዋች መያዝ ይችላል። መቶ አምስት! እኔ 12 ይዤ እያለሁ። እነሱም ግን እንደኛ ያለቅሳሉ፤ ትራንስፈር ፖርታል የሚባል መዝገብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስላለ መሰለፍ ያልቻለ ልጅ ስሙን አስገብቶ ሌላ ኮሌጅ ይፈልጋል፤ አሰልጣኙ ያሳደገው ተጠባባቂ በየዓመቱ ይሸሸዋል። አሰልጣኝ ማለት እዚያ ግማሽ ሥራው ቤት ለቤት እየዞረ እናት ማሳመን ነው ሲለኝ "በል እንኳን ደህና መጣህ" አልኩት። ቡና ያፈላሉ ወይ ብዬ ብጠይቀው የፖም ኬክ ነው አለኝ።

አንድ ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ያለ ስኮላርሺፕ፣ ዎክ ኦን የሚሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ እየሰለጠኑ ሜዳ ሳይረግጡ የሚመረቁ ልጆች አሉ። ለምን ይቆያሉ ብዬ ስጠይቀው "ትምህርት ቤቱ እዚያው ነዋ" አለኝ። ክፍሉ፣ ጓደኛው፣ መኝታው፣ ሁሉም ከሜዳው አጠገብ ነው። ተቀያሪውን ወንበር ላይ የሚያቆየው ኳሱ አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ሕይወት ነው። የእነሱ ኮሌጅ ለእኔ ያ ቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነበር።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልበልና ልለፍ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጽፈው እሱኑ ነው። በ2011 መጨረሻ ላይ የእኛው ፌዴሬሽን የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ፤ ጣሪያው ያፈስስ እንደነበር ስፖርቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያወራል። ከላይ ያለው ሲሻማ ከታች ያለው ፍርፋሪ እንኳ አይደርሰውም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በክፍያ ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ክለቦች ነው የሚለው። ማኅተም የሌለው፣ የተመዘገበ ስም የሌለው፣ ንብረቱ ሁለት ኳስና አንድ የፕላስቲክ ጆግ የሆነ የሰፈር ቡድን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። አንድ መልማይ መጥቶ ልጅ ሲወስድብኝ የማገኘው የእጅ ሰላምታ ነው። ሰላምታውንም ቢሆን አልጠላም። ልጁ ከተሳካለት እሰየው።

ደግሞ ልጆቹ ምን እያዩ ይደጉ? ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ በቴሌቪዥን የሚታይ ሆነ። እኔ በልጅነቴ ከካዛንቺስ በእግሬ ወርጄ፣ በመስቀል አደባባይ አልፌ፣ ስታዲየም በር ላይ ትልቅ ሰው እጅ ይዤ "አባቴ ነው" እያልኩ ነበር የምገባው። የማላውቀው ሰው ስንቴ አባት ሆኖኛል! ካታንጋ ከሚባለው የተመልካች ቦታ ሆኜ ተቀያሪዎቹ መስመር ዳር ሲያሟሙቁ አይ ነበር፤ ለእኔ ከዋናው ጨዋታ የማይተናነስ ትርኢት ነበር። ቴሌቪዥን ተቀያሪ አያሳይም።

አሁን የሚያናድደኝም የሚያስቀኝም አንድ ነገር አለ። በልማቱ ሜዳ አልጠፋም። እንዲያውም ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ፣ መብራት ያላቸው፣ በሽቦ የታጠሩ ትንንሽ ሜዳዎች በየቦታው ተሠርተዋል። እኛ አቧራ ቅመን ነው ያደግነው፤ እነዚህን ሳይ እቀናለሁ። ባለፈው ማታ አንዱ ጋ ቆሜ አየሁ። መብራቱ ቦግ ብሏል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ የሚጫወቱት ከቢሮ የወጡ ሸሚዛቸውን ያወለቁ ጎልማሶች ናቸው። ከዳር ቆሞ "እኔም ልግባ" የሚል አንድ ትንሽ ልጅ አላየሁም።

እሁድ ማታ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ድምፁን ግን ወዲያው ለየሁት፤ ያ 16ኛው ልጄ፣ እናቱ "እዚህም ወንበር አለ" ያለችኝ። ድምፁ ወፍሯል።

"ጋሼ፣ እዚህ ገላን ጉራ ቡድን ሠርተናል። የካዛንቺስ ልጆች ነን ሁላችንም።"

ማን ማን እንዳለ ጠየቅኩት። ስማቸውን ሲጠራልኝ በጣቴ ቆጠርኩ። 14ኛው አለ። 17ኛው አለ። 19ኛው፣ ያ ኳስ አቀባይ የነበረው፣ አጥቂ ሆኗል አለኝ። ማመን አቃተኝ። ሁሉም የእኔ ወንበር ላይ የነበሩ ናቸው፤ አንድም ቋሚ ተሰላፊ የለበትም።

"አምበሉ ማን ነው?"

ትንሽ ዝም አለና "እኔ ነኝ" አለ።

"ታዲያ ምን ልርዳህ?"

"ለቅዳሜ ግጥሚያ እንድትይዙልን ነው። እኛ እንመጣለን፣ ሚኒባስ ተዋጥተናል። 18 ነን።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ብቻ ጋሼ። በረኛ የለንም። ታበድሩናላችሁ?"