ኪስ የሚገባውን ኮምፒውተር የሚጠብቁ ሰዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በትርጉም ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው አለ። ዕድሜው ሃምሳን ተጠግቷል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አንድ ዕቃ ይጠብቃል፦ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ግን የምር ኮምፒውተር የሆነ ማሽን። ቤተሰቡም ወዳጆቹም ይህን አመሉን ያውቁለታል። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሌላው ጫማና ቫይታሚን ያዝዛል፤ እሱ ግን የአንዲት ትንሽ ማሽን ስም ጽፎ ይልካል። ዕቃዋ ትመጣለች። ሁለት ሳምንት በፍቅር ይከርማሉ። ከዚያ አንድ ጉድለት ይወጣባትና መሳቢያ ውስጥ ትገባለች። ጥበቃውም እንደገና ይጀመራል።

የሚፈልገው ሲዘረዘር ብዙ አይመስልም።

▪️ የኮት ኪስ ውስጥ ትግባ።
▪️ በሁለት እጅ የሚጻፍበት ኪቦርድ ይኑራት።
▪️ መብራት ሲጠፋ አትደንግጥ፤ ቀናት ትቆይ።
▪️ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ሥራዋን ትሥራ።
▪️ ባለቤቷ ያዘዛትን እንጂ ሌላ ሰው ያዘዛትን አትሥራ።
▪️ በአማርኛ ይጻፍባት።

አምስቱን ያሟላች ማሽን በእጁ ገብታ ታውቃለች። ስድስቱን አንድ ላይ ያሟላች ግን እስከ ዛሬ አላየም።

ይህን ሰው «የዕቃ ሱስ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በአገራችን ለብዙ ወጣት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ኮምፒውተር ስልኩ ነው። ማመልከቻ የሚጽፈው፣ የሚማረው፣ ገንዘብ የሚልከው፣ የሚሠራው በእሱ ነው። ስለዚህ የተርጓሚው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ሆኗል። ኪሳችን ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ሥራ መሥሪያ ነው ወይስ የሌላውን ሥራ ማያ?

📌 ካርቶንና እንጨት

ጥበቃው ከእሱ በፊት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አለን ኬይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለ፣ «ዳይናቡክ» ብሎ ስለሰየማት ማሽን ጽሑፍ አቀረበ። ደብተር የምታክል፣ ልጅ ይዟት የሚዞር፣ ዋጋዋ 500 ዶላር ገደማ እንዲሆን የታሰበች ነበረች። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ካነሰም ቁም ሳጥን የሚያክል ነገር ነው። ማሽኗን በቁሟ መሥራት ስላልተቻለ ኬይ በካርቶን አበጃት። ክብደቷ በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለማወቅም የእርሳስ ብረት እንክብል ጨመረባት።

የኬይ ሐሳብ ግን መጠኗ ላይ አያበቃም። ልጁ በማሽኗ እንዲያነብ ብቻ ሳይሆን የራሱን ፕሮግራም እንዲሠራባት ነበር የፈለገው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ታብሌቶች ከዳይናቡክ ይቀጥናሉ፤ ይፈጥናሉም። ኬይ ግን እነዚህ የእኔ ሐሳብ ፍጻሜ አይደሉም እያለ ደጋግሞ ተችቷል። ልጅን ተመልካች ያደርጋሉ ባይ ነው።

ከሃያ ዓመታት በኋላ ሌላ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ጄፍ ሃውኪንስ፣ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። እሱ ደግሞ እንጨት ጠርቦ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ጀመር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ እንደሚጽፍበት ያስመስላል። በዚህ መንገድ ሰው በኪሱ ምን ያህል ነገር እንደሚችል፣ በቀን ውስጥ ምን ምን እንደሚያስፈልገው አጠና። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣችው ፓልም ፓይለት የዚያ እንጨት ልጅ ናት። ቀጠሮ፣ የስልክ ቁጥር፣ ማስታወሻ፣ የሥራ ዝርዝር፤ ከዚህ ብዙም አታልፍም። በብዛት ተሸጠች።

ከእሷ ሦስት ዓመት ቀድሞ አፕል ያወጣው ኒውተን የማንንም የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ የሚያነበው ሌላ እየሆነ የጋዜጣ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። በ1998 ምርቱ ተቋረጠ። ፓልም ግን ማሽኑን የሰው ጽሑፍ ከማስተማር ይልቅ፣ ሰውየው ቀለል ያለ አጻጻፍ እንዲማር ጠየቀች። ሰውም ተማረ። ትንሽ ቃል ገብታ ቃሏን ጠበቀች።

📌 አምስቱን ያሟሉት

የተርጓሚው ልብ የተሰረቀው ግን በሌሎች ማሽኖች ነው። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው ኤችፒ 200ኤልኤክስ ናት። መዳፍ የምታክል ሆና ሙሉ የዶስ ኮምፒውተር ነበረች። የሰንጠረዥ ሥራ፣ የጽሑፍ ሥራ፣ የባለቤቱ የራሱ ፕሮግራም ሁሉ ይሄድባታል። ሁለተኛዋ በ1997 የመጣችው የእንግሊዙ ሳዮን ኩባንያ ሲሪስ 5 ናት። ስትከፈት ኪቦርዷ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዐሥሩም ጣት ይጻፍባታል ማለት ይቻላል። ባለቤቷ ፕሮግራም የሚጽፍበት ቋንቋም አብሯት ይመጣል።

ሁለቱም የሚሠሩት በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ቻርጀር የለ፣ ሶኬት የለ፤ ከሰፈር ሱቅ ድንጋይ መግዛት ነው። መብራት ተራ በሚያዝበት ከተማ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ኪሳችን ያለው ስልክ ከእነዚያ ማሽኖች በሺህ ዕጥፍ ይበልጣል፤ ማታ ማታ ግን ሶኬት ይለምናል።

ለምን ጠፉ? ገበያው ትንሽ ነበር። ተጠቃሚያቸው ይወዳቸዋል፣ ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው። 200ኤልኤክስ በ1999 ተቋረጠች፤ ሳዮንም በ2001 ከዚህ ንግድ መውጣቱን አስታወቀ። ጠባቂዎቹ ግን አልተበተኑም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የለንደን ኩባንያ ገንዘብ ከወዳጆች አሰባስቦ «ጀሚናይ» የተባለች ባለ ኪቦርድ ማሽን ሊሠራ ሲነሣ፣ ንድፉን የያዘው ማርቲን ሪዲፎርድ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሲሪስ 5ን የነደፈው ራሱ ሰውዬ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ የሚጠብቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

📌 ስድስተኛው ጥያቄ

እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ከእንግሊዛዊው ጠባቂ ይለያል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው። ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናሉ። ሃምሳ ምናምን ቁልፍ ባላት የኪስ ማሽን ላይ ይህ እንዴት ይቀረጻል? ፓልም ያስተማረችው አጻጻፍም ለላቲን ፊደል የታሰበ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ማሽኖች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትማ የአንዱ ፕሮግራም አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የተርጓሚው የምትወደድ ማሽን ሁሉን ታሟላለች፤ «ሰላም» የሚለውን ግን በራሱ ፊደል መጻፍ አይችልባትም። አንድ ትውልድ አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲላላክ የኖረው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ጠባቂዎች ሁሉ የናቁት፣ ቁልፍ የሌለው፣ መስታወት ብቻ የሆነው ስልክ ለፊደላችን ተስማማ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁልፉ የተቀረጸ ሳይሆን የተሣለ ነው። «ለ»ን ስትነኩ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ ከላይ ይደረደራሉ። ሌላ ቋንቋ ሲመረጥ ሌላ ፊደል ይሣላል። ፕላስቲክ ላይ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ገበያ ለብቻው ፋብሪካ የሚያቆም ባልተገኘ ነበር። ዛሬ በዚህ ቻናል የሚነበበውም አስተያየት የሚጻፈውም በዚያው መስታወት ነው።

የተርጓሚው የእኅቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ በስልኩ ጽፎ ጨርሶ፣ ለማስተካከልና ለማተም ብቻ ኮፒ ቤት ወሰደው። አንድ ቀን ስለ አዲስ ማሽን ወሬ ሲነሣ «ጋሼ፣ የምትጠብቀው ዕቃ እኮ ኪስህ ውስጥ ነው» አለው። ሰውየው አልተቀየመም። ግን አልተስማማም።

📌 ያልተስማማው ለምንድን ነው?

መሳቢያው ውስጥ ከማሽኖቹ ጎን አንድ ፋይል አለ። አባቱ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከአባቱ ባልደረቦች ታሪካቸውን ሊሰበስብ አስቦ፣ ስማቸውን መዝግቦ ነበር። «ደህና ማሽን ሲገኝ» ተብሎ ቆየ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነትም አለው። ደግሞም ከቀሩት ሽማግሌዎች ሁለቱን ባለፈው ዓመት የቀዳቸው በዚሁ በስልኩ ነው።

ነገር ግን ሽማግሌው እያወጉ ስልኩ ስንት ጊዜ ጮኸ? ጽሑፉን ሊያርም ሲቀመጥ በስንት ደቂቃው ሌላ ነገር ጠራው? የቀዳው ድምፅ በእሱ ስልክ ውስጥ ነው ያለው ወይስ በማያውቀው አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ? የይለፍ ቃሉ ቢጠፋበት ማንን ይጠይቃል? ስልኩ በሁለትና በሦስት ዓመት «አርጅተሃል» ሲባል የሚወስነው ማነው? የጥንቷ ማሽን ጉድለቷ አማርኛ አለማወቋ ነበር። የዛሬው ስልክ አማርኛ ያውቃል፤ የሚታዘዘው ግን ለሁለት ጌታ ነው። አንዱ የገዛው ሰው ነው። ሌላው ዐይኑን ለማስታወቂያ የሚሸጥበት ነው።

እንግዲህ የእኅቱም ልጅ ልክ ነው፤ እሱም ልክ ነው። ማሽኑ መጥቷል። አምስተኛው ጥያቄ ግን እንደተከፈተ ነው።

📌 መንግሥታትም ይጠብቃሉ

ይህ የአንድ ሰው አመል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አገርም እንዲሁ ይጠብቃል። በህንድ የባንጋሎር ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2001 «ሲምፒውተር» የተባለች የኪስ ማሽን አስተዋወቁ። ርካሽ፣ የአገሬውን ቋንቋ የምታውቅ፣ የመንደር ሰው በካርድ እየተቀባበለ የሚጠቀምባት ነበረች። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። ለገበያ እስክትደርስ ሦስት ዓመት ግድም ፈጀ፤ የተሸጠችውም ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። በዚያ መካከል ተራ የእጅ ስልክ መንደሩን ሞላው።

ከዚያ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ብለው ባለ 100 ዶላሩን ማሽን ይዘው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማምረት ሲጀመር ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩት እኛም ዘንድ ደርሰው ለትምህርት ቤቶች ታድለዋል። መምህሩ ሳይሠለጥን፣ ጥገናውና መብራቱ ሳይታሰብ ማሽን ብቻውን ምን ያህል እንደሚራመድ ያየው ሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በ2012 የሆነው ነው። ያው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው፣ በፀሐይ ኃይል ከሚሞላ ቻርጀር ጋር ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። ኔግሮፖንቴ ራሳቸው በአደባባይ እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ አብርተውት፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚደነቀው በመዝሙሩ ነው። መደነቅ የሚገባው ግን በካሜራው ነው። እነዚያ ሕፃናት ማንም ሳይነግራቸው የአለን ኬይን ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ ማሽን የእኔ ከሆነ ለምን ይዘጋብኛል? የተሰጣቸው መዝሙር የእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑም የራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

📌 ታዲያ ምን ይደረግ?

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ። ስልክ እንጂ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ለሁሉም ተማሪ ኮምፒውተር እስኪገዛ እንጠብቅ ማለት የተርጓሚውን መሳቢያ በአገር መጠን መድገም ነው። ስልኩ አለ፤ በቃ ማለትም ልጁን ተመልካች አድርጎ መተው ነው።

መካከለኛው መንገድ ይህን ያህል ውድ አይደለም። አብዛኛው ስማርት ስልክ ኪቦርድ ሲሰካበት ይቀበላል። ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቅጂው እንዴት እንደሚያዝ፣ ማሳወቂያው እንዴት እንደሚዘጋ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የቱ እንደሆነ፣ በስልክም ቢሆን ፕሮግራም መጻፍ እንደሚቻል አንድ መምህር በጥቂት ሳምንት ሊያስተምር ይችላል። የአማርኛ ሆሄያት ማረሚያና ጥሩ የአማርኛ የጽሑፍ መሣሪያ መሥራት የእኛው ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ከውጭ ተሠርቶ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም። ስልክ ጠጋኞቻችን ደግሞ አርጅተሃል የተባለውን ስልክ ዕድሜ እየቀጠሉ ነው፤ የሚገባቸውን ክብር ግን ገና አላገኙም።

ተርጓሚው ዝርዝሩን አልቀደደውም፤ አዲስ ማሽን ወጣ ሲባል አሁንም ጆሮው ይቆማል። ይህም አይከፋም። ስድስቱን ጥያቄዎች የሚያስታውስ ሰው ከሌለ፣ የሚሸጥልን ሁሉ በቂ ይመስለናል። ድሬዳዋ የቀሩት ሽማግሌዎች ግን አራት ናቸው፤ እነሱን የሚቀዳው ያው ስልክ ነው።