የጾም ሻይ በበረዶ

ሻይ በቋንቋችን ውስጥ ዕድለ ቢስ ቃል ነው። ለአስተናጋጅ ትተንላት የምንወጣው ሳንቲም «የሻይ» ይባላል። ፋይላችን መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አልነሣ ሲል በጓሮ የምንሰጠውም ያው «የሻይ» ነው። ለቡና ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በማዕረግ ይጠጣል። ሻይ ግን ይፈላል፣ ይቀዳል፣ አለቀ። ሻይ ማፍላት እንደ ሙያ አይቆጠርም።

ይኼ ንቀት ኢሉባቦር ውስጥ ሲሆን ይብስብኛል። አገሩ የቡና አገር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ቡናው በያዩ ደን ውስጥ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። የኢትዮጵያ ሻይ ታሪክ የሚጀምረውም እዚያው መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ብትጓዙ ጎሬን ታገኛላችሁ። ጎሬ ዛሬ ዝም ያለች ከተማ ናት። በደጉ ጊዜዋ ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርድባት የነጋዴ አገር፣ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫም ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ነው። በ1920 ዓ.ም. አካባቢ የሻይ ተክል ከሕንድ ወደ አገራችን የገባውም በዚሁ ቆንስላ በኩል ነው። ከጎሬ አጠገብ ያለው የጉመሮ የሻይ እርሻ የዚያ ተክል ልጅ ነው፤ የከፋው ውሽውሽ ተከታዩ ነው።

እና ይኼ ቅጠል ምን ሆነ? ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይታሸግና በፓኬት ተመልሶ ይመጣል። የጎሬ ሰው በደጁ ያደገውን ቅጠል ከሱቅ ይገዛዋል። ገዝቶም የሚያደርግበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያፈላዋል።

በቅርቡ በሁዳዴ መቱ፣ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። መቱ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ብትሆንም በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። የእህቴ ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ «ዛሬ ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ» አለች።

«ሻይ ለማፍላት ነው ስድስት ዓመት የተቃጠልሽው?» አሉ አባትየው። ቀልድ መሆኑ ነው። ማንም አልሳቀም።

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አፈላችና ከእሳት አወጣችው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የጉመሮ ሻይ ቅጠልና የተፈነከተ ኮረሪማ ጨምራ ከደነችው። «እሳት ላይ ከቆየ ይመራል ጋሼ» አለችኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጠለለችው። ስኳሩን ትኩስ እያለ አማሰለችው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳር በቀላሉ አይሟሟም። ሻዩ ለምን ይህን ያህል ወፈረ ብላችሁ እንደሆነ፣ በረዶው ሲቀልጥ ስለሚያቀጥነው ነው። ሲበርድ በረዶ በሞላ ብርጭቆ ላይ ቀዳችው። ከአዲስ አበባ ያመጣችውን የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት በደንብ ናጠችና በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች ሆነው ቆሙ። ካፌ ውስጥ ሻይና ቡና ሳይቀላቀሉ የሚቀርቡበትን ስፕሪስ ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፤ ስኳር የጠገበው ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል።

የታይላንድ ሰዎች ይኼንን «ቻ የን» ይሉታል፤ ቀዝቃዛ ሻይ ማለት ነው። የእነሱ «ቻ» እና የእኛ «ሻይ» ከአንድ የቻይና ቃል የተወለዱ ናቸው። እነሱ ዘንድ የሚጨመርበት በቆርቆሮ የታሸገ፣ ስኳር የበዛበት የላም ወተት ነው። የዱባይዋ ማዳም ይኼን ሻይ ከታይላንድ ምግብ ቤት ለምዳ ቤት ውስጥ እንዲሠራላት ፈለገች። ልጅቷን ያስተማራት ሰው አልነበረም። እንግዶች ሲሄዱ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ወጥ ቤት ውስጥ እየቀመሰች ነው የደረሰችበት። በኮኮናት የለወጠችው ግን ራሷ ናት፤ በጾም እንድትጠጣው።

አባትየው ብርጭቆውን አንሥተው በጥርጣሬ አዩት። «ወተት አይደለም እንዴ?»

«አይደለም አባዬ። የዛፍ ፍሬ ነው፤ የጾም ነው።»

«ሻዩስ?»

«የእኛው ነው። የጉመሮ።»

ጠጡት። ምንም አላሉም፤ አላስቀሩምም።

ልጅቷ ያሰበችው በቀረቻት ገንዘብ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ፍሪዘር ገዝታ፣ ለመንገደኛ ቀዝቃዛ ሻይ መሸጥ ነው። አባትየው ደግሞ ገንዘቡ ቤት ይሠራበት ባይ ናቸው። እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ። እኔም ጠየቅኳት፦ መብራት ቢጠፋስ? ኮኮናቱ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ አይደለም ወይ? ሁሉንም አስባበታለች። በረዶውን ሌሊት አብርዳ በትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን ታቆየዋለች። «ኮኮናቱ ለዓመት በዓል ነው ጋሼ። ለዘወትሩ ኦቾሎኒ ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼ፣ አጠልላለሁ።» አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ማኪያቶ ሲሸጥ አይታለች። ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን በጣቷ ቆጥራ ወተት የማይጠጣበትን ቀን ብዛት ነገረችኝ። ይኼ ሒሳብ ነው፣ ገበያን ማወቅ ነው፤ የትም ወረቀት ላይ ግን አልተጻፈላትም።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችን ተባርረው ሲመለሱ ቦሌ ላይ የቆጠርነው ሰውና ሻንጣ ነበር። የሚያውቁትን የጠየቀ ብዙ አልነበረም። የሰው ቤት ያስተዳደሩ፣ ሕፃን ያሳደጉ፣ በሽተኛ ያስታመሙ፣ የማያውቁትን ምግብ በማያውቁት ቋንቋ ታዝዘው የሠሩ ሴቶች «ሙያ የላቸውም» ተብለው ተመዘገቡ ማለት ይቻላል። የደረሰባቸውን በደል ማውራት ተገቢ ነው፤ እናውራው። ነገር ግን ሰውን በበደሉ ብቻ ማወቅም ሌላ በደል ነው።

እኔ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ጎበዝ ተማሪ የምለው የውጭውን ታሪክ በቃሉ የሚወጣልኝን አልነበረም። የውጭውን አንብቦ የራሱን መንደር አዲስ አድርጎ የሚጽፈውን ነበር። ይቺ ልጅ ያደረገችው ይኼንኑ ነው፤ የታይላንድን ሻይ ወስዳ በጉመሮ ቅጠል፣ በጫካችን ኮረሪማ፣ በጾማችን ሕግ አሰናዳችው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለአባትየው የነገርኳቸው ይኸው ነው፤ ቤቱ ቆይቶ ይሠራል፣ የልጅቷ እጅ ግን አሁን ነው የሞቀው። «እንዲያው ሻይ ለመሸጥ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እስካሁን እየመከሩበት ነው። ዐረብ አገር የቆየች ልጅ የተመለሰችላችሁ ወላጆችም ከምክራችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱን ልቀቁላት። ስድስት ዓመቷን የምታነቡት እዚያ ነው።