የማዳም «እሱ»

በልጅነቴ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አንዲት አርመናዊት ልብስ ሰፊ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ለሁላችንም «ማዳም» ነበሩ። ከባሕር ማዶ በሙሽርነት መጥተው፣ ባለቤታቸው ሲሞቱ ከስፌት መኪናቸው ጋር ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ። ከባለሥጋ ቤቱ ጋር ተከራክረው ይረታሉ። አንድ ነገር ብቻ አልሆንላቸው ብሎ ነበር፤ ለእሳቸው ሰው ሁሉ «እሱ» ነው።

እናቴ ልብስ አሰፍታ የዘገየች እንደሆነ «እናትህ የት አለ? ቀሚሱ አልቋል በለው» ብለው ይልኩኛል። እኔም ቤት ገብቼ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ «እናቴ የት አለ?» ስል ወንድሞቼ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እናቴ ብቻ አትስቅም። «ሰው በቸገረው አይሳቅበትም» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንዲያ ስቀልድ ማዳም ለካ ከበሩ ቆመው ኖሯል። ምንም አላሉም። ለተላላኪነቴ የለመድኩትን ከረሜላ ሰጥተውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ በተሻለ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል ደርሶኝ ፖላንድ ሄድኩ። ቋንቋውን የተማርኩት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር ተማሪዎችን ፖላንድኛ ታስተምር በነበረች ከተማ ነው። የከተማይቱ ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያዩት «ሎድዝ» ይመስላል፤ ሲጠሩት ግን «ዉች» ነው፤ ትርጉሙም ጀልባ ማለት ነው። ገና ከበሩ እንዲህ የሚያሞኝ ቋንቋ ከውስጡ ምን እንደሚያሳይ መገመት አያቅትም።

መምህራችን ሴት ነበሩ። እኔም እሳቸው ያሉትን እየደገምኩ አጠናለሁ። አንድ ጠዋት ትናንት የት እንደነበርኩ ተጠይቄ፣ ከአፋቸው እንደሰማሁት «ብዋም» ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለካ «ነበርኩ» ለማለት ወንድ «ብዌም»፣ ሴት ደግሞ «ብዋም» ማለት ኖሮባቸዋል! እኛ «አንተ» እና «አንቺ»፣ «መጣ» እና «መጣች» ብለን እንለያለን እንጂ «ነበርኩ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ፖላንድኛ ግን ስለራስህ ስትናገር እንኳ አይለቅህም። ሁለት ሴቶች ሲቆጠሩና ሁለት ወንዶች ሲቆጠሩ የ«ሁለት» ቃል ራሱ ይለወጣል። አክብረው ሲጠሩህም «ፓን» ወይም «ፓኒ» ነው፤ በአክብሮት ውስጥም ወንድና ሴት እንደተለያዩ ናቸው።

ያን ቀን ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ትዝ ያሉኝ ማዳም ናቸው።

በኋላ ዛሞሽች የምትባል ከተማ ለጉብኝት ወሰዱን። በገበያው አደባባይ ዳር ያማሩ ባለቀለም ቤቶች ተደርድረዋል፤ «የአርመኖች ቤቶች» ይሏቸዋል። የከተማይቱ መሥራች ያን ዛሞይስኪ በ1585 እ.ኤ.አ. አርመን ነጋዴዎች እንዲሰፍሩባት ፈቅዶ ነበርና። እኛ ዘንድ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመን ልጆች በሙዚቃ ሲታወሱ፣ እዚያ ደግሞ በንግድ ይታወሳሉ። ከዚያ ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አርመንኛ ሰዋስው የሚያወሳ መጽሐፍ ፈለግሁ።

ያገኘሁት ነገር ኩምሽሽ አደረገኝ። አርመንኛ ወንድና ሴት አይለይም። እሱም፣ እሷም፣ ዕቃውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ማዳም አማርኛ አልጎደላቸውም ነበር፤ በአማርኛ ሲናገሩም የአገራቸው ሕግ ተከትሏቸው መምጣቱ ነው። የእኔም አማርኛ ዉች ድረስ እንደተከተለኝ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ፖላንድኛ ከስላቭ ቤተሰብ ነው፤ አርመንኛ ግን ሃይንሪሽ ሂብሽማን በ1875 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ለብቻው የቆመ ቅርንጫፍ ነው። ልብ በፖላንድኛ «ሴርትሴ»፣ በማዳም አርመንኛ «ሲርድ» ነው። ቤት በዚያ «ዶም»፣ በዚህ «ዱን»። ይህስ ጆሮ ላለው ግልጽ ነው። ነገር ግን ሁለት በፖላንድኛ «ድቫ»፣ በአርመንኛ «የርጉ» ነው። ማን ወንድማማች ይላቸዋል? ሆኖም ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ሜዬ እንዳስረዳው የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ድምፁ በረጅም ዘመን ጉዞ መልኩን ለወጠ እንጂ።

በአንጻሩ ዘመድ ያልሆነው ይመሳሰላል። አርመንኛ፣ እኛ «ቤት» ብለን «ቤቱ» እንደምንለው፣ የታወቀውን ነገር የሚለየውን ድምፅ ከቃሉ መጨረሻ ይቀጥላል። ፖላንድኛ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። በመልክ መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ በመልክ መራራቅም ባዕድነት አይደለም።

አገሬ የተመለስኩት በ1983 ዓ.ም. ነው። እናቴን አልደረስኩባትም። ከአርመኖቹም አብዛኞቹ፣ ከ1967ቱ ውርስ በኋላ፣ እየተነሱ ሄደው ነበር። ማዳም ግን እዚያው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ አያስገባም።

ከአጠገባቸው ተቀምጬ ስለ «ብዋም» ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ዶም» ብዬ የፖላንዶችን ቤት ስነግራቸው፣ «ዱን» አሉና ግድግዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ልቤን ደፍኜ፣ «ማዳም፣ ልጅ ሆኜ እቀልድብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «እናትህ ጥሩ ሰው ነበር። እሱ በእኔ ስቆ አያውቅም» አሉ።

በቋንቋችን አንድን ሰው አክብረን «እሳቸው» ስንል ወንድና ሴት መለየት እንተዋለን። ማዳም ይህን ለሁሉም ሰው ሲያደርጉ እንደኖሩ ያን ዕለት ገባኝ። «እሱ» በተባለችው እናቴ ያን ዕለት አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ።