ስድሳ ሺህ ብር በስንት ዓመት ዕጥፍ ይሆናል?

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ በተማሪው ፊት በሒሳብ ሲሳሳት ምን ያህል እንደሚያፍር እርስዎ ይገምቱት። እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የማስተምረው ደሴ ነው። ጧት ጧት በሚኒባስ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ማታ ተመልሼ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ስለ ሎጋሪዝም አስተምሬ የጠመኔውን አቧራ ከእጄ ሳራግፍ፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጅዋን አወጣች። «ቲቸር፣ አባቴ የአንድ በሬ ዋጋ 60,000 ብር ባንክ አስቀምጧል። ወለዱ በዓመት በመቶ 7 ነው። ዕጥፍ የሚሆነው በስንት ዓመት እንደ ሆነ መምህርሽን ጠይቂልኝ ብሎኛል» አለች።

ደወሉ ሊደወል ነው፤ ቸኩያለሁ። መቶን ለሰባት አካፍዬ «አሥራ አራት ዓመት ከጥቂት ወር» አልኋት። ልጅቱም በደብተርዋ ጻፈችው።

ነገሩ የከነከነኝ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ነው። ለካ ወለዱም ይወልዳል! ወለዱ በየዓመቱ መጨረሻ ከዋናው ጋር ከተደመረ፣ 60,000ው በዓመቱ 64,200 ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዓመት ወለድ የሚታሰበው በዚሁ በ64,200 ላይ ስለ ሆነ 68,694 ይደርሳል። ገንዘቡ በየዓመቱ በ1.07 ይባዛል ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ 1.07 ስንት ጊዜ በራሱ ቢባዛ 2 ይሆናል? የሚል ብቻ ነው። 60,000ው ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ ባለ ሚሊዮኑና ባለ መቶ ብሩ እዚህ ላይ እኩል ናቸው (እዚህ ላይ ብቻ!)።

የምንፈልገው ቁጥር ግን 1.07 ትከሻ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። በመደመርም በመቀነስም አይወርድም። የሚያወርደው ሎጋሪዝም ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ትልቁ ጥቅሙ ማባዛትን ወደ መደመር መለወጡ ነበር፤ በማባዛት ብዛት የደከሙት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ዐረፉበት። በራስ ላይ መባዛት ደግሞ ተራ ማባዛት ይሆናል፤ ከትከሻ ላይ የነበረው ቁጥር ከደሴ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ተሳፋሪ ወርዶ ከሎጋሪዝሙ ጎን ይቆማል። የ2 ሎጋሪዝም 0.3010፣ የ1.07 ሎጋሪዝም 0.0294 ነው። ማካፈል ብቻ ቀረ፤ 10.24። አሥር ዓመት ከሦስት ወር ገደማ!

በማግሥቱ ስሕተቴን በክፍሉ ፊት ተናገርሁ። ልጅቱ አቀርቅራ «አባቴማ፣ እስከ አሥራ አራት ዓመት እኔ አፈር ነኝ፤ ብሩን አውጥቼ ለነጋዴ አበድራለሁ ብሏል» አለችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከጦሳ ግርጌ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈላ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ መቶ 7 ከፍ ካደረገበት ጊዜ ጀምሬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «መልካም፣ መምህር። እኔ ብሩን ያስቀመጥሁት ለቤት ክዳን ነው። በአሥር ዓመት ቆርቆሮው ስንት ይገባል?» አሉኝ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ እንደ ነበር አስታወስሁ። እንዳላስደነግጣቸው ግማሹን፣ በዓመት በመቶ 15ን ወሰድሁ። ያው ስሌት ነው፤ 0.3010ን ለ1.15 ሎጋሪዝም፣ ለ0.0607 ማካፈል። አምስት ዓመት ያህል መጣ። እንዲህ ከሆነ ብሩ አንድ ጊዜ ዕጥፍ እስኪሆን ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ዕጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም አራት እጅ ነው። ብሩ ዛሬ 60 ቆርቆሮ የሚገዛ ቢሆን፣ ያን ጊዜ ዕጥፍ ሆኖም የሚገዛው 30 ነው።

ሰውየው ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «የሚያስተምሩሽ ይህን ነው?» አሏት።

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ዝም አሰኘሽ?»

እኔም ከእሷ ጋር አቀረቀርሁ። ተማሪዎቼ ሎጋሪዝም ለምን እንደሚጠቅም ሲጠይቁኝ «ለፈተና» እያልሁ ስመልስ ኖሬአለሁና።

ገንዘብዎን ከባንክ ያውጡ ማለቴ አይደለም፤ ሕመም ቆርቆሮ አይቀበልም። ይህንኑ ለእሳቸውም ብነግራቸው 15,000ውን ትተው በቀረው ቆርቆሮ ገዙ። ግድግዳው ገና ስላልቆመ ቆርቆሮው ከጓሮ ተደርድሮ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ባልፍ ልጅቱ እላዩ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ ዝገቱስ በዓመት በመቶ ስንት ነው?» አለችኝ።

አሁን ግን አልቸኮልሁም። «ሰኞ እነግርሻለሁ» ብያት ወደ ሚኒባሱ ሄድሁ።