ትከሻ

ጠዋት በመሳለሚያ እህል በረንዳ የሚያልፍ ሰው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናል። «ዘወር! ዘወር!» የሚል ድምፅ ከኋላ ከመጣ መንገድ መልቀቅ ነው፤ ኩንታል የተሸከመ ሰው ቆሞ አይጠብቅም። ባለፈው ሰሞን እኔም ዘወር ብዬ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ወጣቶች ከአይሱዙ ላይ ጤፍ ያወርዳሉ። ባዶ ጆንያ አጥፈው ማጅራታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። መቶ ኪሎው ሲያርፍባቸው ጉልበታቸው ሰበር ይልና ይቃናል፤ ከዚያ በሩጫና በእርምጃ መካከል ባለ ነገር ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ከጎረቤት ሱቅ የጎጃም ዘፈን ተከፈተ። አንዱ ልጅ ሸክሙን አራግፎ ሲወጣ በሩ ላይ ቀጥ አለና እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ እስክስታ ወረደ። በጥርሱ መሃል «እስስ» እያለ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ ከወገቡ በታች ያለው አካል እንደ ምሰሶ ጸንቷል። ትከሻው ላይ የተኛው የጤፍ ብናኝ በየምቱ ብን ይላል። አሁን መቶ ኪሎ የወረደለት ትከሻ ነው።

እስክስታ የማይችል ሰው የለም እንላለን። ተወዛዋዡን የጎዳው ይኸው አባባል ይመስለኛል። ሁሉ የሚችለውን ነገር ማን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል? ወጥም በየቤቱ ይሠራል፤ ሆኖም «እሷ ባለሙያ ናት» ብለን የምንለያት ሴት በየሰፈሩ አለች። ለትከሻ ይህን ቃል ነፈግነው። ሽማግሌ ተልኮ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ሲባል «ተወዛዋዥ ነው» የሚለው መልስ ቤቱን ጸጥ ያሰኘዋል። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ በየመድረኩ ስንቱ ተወዛውዟል! በልጅነቴ በቴሌቪዥን ያየኋቸውን ዘፋኞች በስም እጠራለሁ። ከኋላቸው የነበሩትን የማውቃቸው ግን በመልክ ብቻ ነው። አራት ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዲዞር፣ ማን በስንተኛው ምት ወደፊት እንዲወጣ የወሰነውንማ በመልክም አላውቀው።

የአየርላንዳውያንን ውዝዋዜ መጀመሪያ ሳይ የእኛን የገለበጡት መሰለኝ። እጃቸው ከጎናቸው የታሰረ ያህል ነው፤ ትከሻቸው ዝም ይላል፤ ነገሩ ሁሉ ከጉልበት በታች ነው። ይህም ለረጅም ዘመን የመንደር አዳራሽና የውድድር ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ደብሊን ላይ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር መሃል ማይክል ፍላትሌይና ጂን በትለር ሪቨርዳንስን ሰባት ደቂቃ ያህል አሳዩ። በማግስቱ ዓመት ሙሉ ትርኢት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በጫማው የሚተዳደር ሰው በዛ። እኔን የገረመኝ ሰባቱ ደቂቃ አይደለም። ከዚያ በፊት በየመንደሩ መምህር ነበረ፤ መምህሩም ለማስተማር ይፈተናል፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዳኛ ፊት ይቀርባል። ዕድሉ ሲመጣ የተዘጋጀ እግር አገኘ።

የኛ ልጅ ከጥምቀትና ከሠርግ ይማራል። ተወዛዋዡ መላኩ በላይም እንዲሁ ነው የተማረው። ካዛንቺስ በፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ሽልማት ብቻ ተወዛወዘ፤ ሌሊቱን እዚያው ከባንኮኒው ሥር ያድር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረከበው። ኢትዮ ከለር የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድና ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በውጭ አገር መድረኮች ቆመ፤ አዝማሪ ቤቱን የሥዕል፣ የግጥምና የሙዚቃ ማዕከል አደረገው። መላኩ ሲወዛወዝ ሰውነቱ አጥንት ያለው አይመስልም፤ ላቡ የፊት ረድፍ ላይ ያለ ሰው ድረስ ይረጫል። ከባንኮኒ ሥር ተነስቶ ባለቤት እስኪሆን ያሳለፈውን ሌሊት ሳስብ ሙያ የሚለው ቃል ይከብደኛል፤ መሰላል አልነበረውምና እያንዳንዱን ደረጃ ራሱ እየጠረበ ነው የወጣው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ቤት አብሮ ፈረሰ። መላኩ ዛሬም ይወዛወዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ከባንኮኒው ሥር ተነስተው እሱ ዘንድ ሳይደርሱ የቀሩት ናቸው።

የእህል በረንዳው ልጅ ዘፈኑ ሳያልቅ አቆመ፤ አይሱዙው ገና ግማሽ ጭነት አለበት። ሽሮ የሚያስመዝኑ አንዲት እናት «ትከሻህን ክፉ አይንካብኝ፣ የኔ ልጅ!» አሉት። ጓደኛው እየሳቀ አሥር ብር ላቡ ላይ ለጠፈለት። ልጁ አልሳቀም። ብሩን ከግንባሩ አንስቶ በጥንቃቄ አጠፈ፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ጆንያውን ማጅራቱ ላይ አስተካክሎ ከመኪናው ሥር ጎንበስ አለ።