የማታው ክፍል

«የግል ኮሌጅ የሚገባው ነጥብ ያልመጣለት ነው» የሚለው አባባል ከመውጫ ፈተናው ወዲህ ይበልጥ ጠንክሯል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአብዛኞቹ የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ አለፉ፤ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን አልክድም። የሚያመኝ፣ በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ የማታውን ተማሪ ያነሣው ሰው አለመኖሩ ነው። እኔ አካውንቲንግ የተማርኩት ከማታ ተማሪዎች ጋር ነው።

ኮሌጃችን ትንሽ ነበር። ግቢ የሚባል የለውም፤ አስፋልት ዳር የቆመ የኪራይ ሕንፃ፣ ከሥር ፋርማሲና ካፌ፣ ከላይ መማሪያ ክፍሎች። ቀን ቀን ከሁለተኛ ደረጃ በቅርብ የወጡ ልጆች ይማሩበታል። ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ ያንኑ ወንበር የሥራ ሰው ይይዘዋል፦ የሱፐርማርኬት ካሸር፣ የባንክ ጥበቃ፣ መርካቶ የአባቷን ሱቅ ሒሳብ የምትይዝ ልጅ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራ የልጆች እናት። ለብዙዎቹ ዲግሪው የደረጃ ዕድገት ጉዳይ ነው፤ ሥራውንማ ቀድመው ይዘውታል።

አንድ ማታ መምህሩ ፔይሮል እያስተማረ ነበር። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከዚያ የሥራ ግብር። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ የኔ አለቃ ግብሩ እንዲያንስ ከደመወዙ ቀንሰሽ አበል በይው ይለኛል። ምን ላድርግ?» መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። የቀረውን ሰዓት ፔይሮሉ ላይ የማን ፊርማ እንደሚያርፍ፣ የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ትእዛዝን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መቀበል ለምን እንደሚበጅ ስንነጋገር አመሸን። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው የፋብሪካ ገንዘብ ያዥ፣ በሥራው ላይ የደረሰበትን ዘርዝሮ ነገረን። ከአራት ዓመቱ ትምህርት እስከ ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ የሚያገለግለኝ ያ ማታ ነው።

ጥቅምት ላይ ክፍሉ ይሳሳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ሒሳብ የሚይዝ ሁሉ ቢሮው ያመሻል። ይኸው መምህር ይህን ስለሚያውቅ ሒሳብ መዝጊያውን ምዕራፍ ወደ ኅዳር ገፍቶ፣ ሁሉም የገጠመውን ይዞ እንዲመጣ ያደርግ ነበር። ትንሽ ተቋም ሲሆን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

እንደሱ ያሉ ግን ጥቂት ነበሩ። አብዛኞቹ በሰዓት የሚከፈላቸው መምህራን ናቸው፤ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በታክሲ ይሮጣሉ፣ ሃንድአውቱን ያነባሉ፣ ይወጣሉ። ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረው ክፍለ ከተማ እያቋረጠ የሚያስተምርን ሰው ለመውቀስ ልቤ እሺ አይለኝም። ኮሌጁን ግን እወቅሳለሁ። በአዋጅ 847/2006 አገሪቱ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) ስትቀበል፣ እኛ የአሜሪካኑን ሥርዓት ከአሜሪካ መጻሕፍት እየተማርን ነበር። አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ስም ወደ ክፍላችን ያመጣው ባንክ የሚሠራ ተማሪ ነው።

በግል ኮሌጆች ለምን አካውንቲንግና ማኔጅመንት እንደሚበዙ ብዙ ሰው ይጠይቃል። በደርግ ዘመን የግል ከፍተኛ ትምህርት አልነበረም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተከፈቱት ተቋማት ከተማሪ ክፍያ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። በ2002 ዓ.ም. ሕግና መምህርነት ለግል ተቋማት ተከለከሉ። አካውንቲንግ ደግሞ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የተጫነባቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች ይበቁታል።

ወደ ፈተናው ልመለስ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ይህ ዝቅ እንዲል አልፈልግም። ወረቀት ብቻ የሚሸጡ ኮሌጆች ነበሩ፤ መጋለጣቸው ተገቢ ነው፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማት እንደገና እንዲመዘገቡ ማዘዙንም እደግፋለሁ። ነገር ግን የማታ ተማሪ የአንደኛ ዓመቱን ኮርስ ከጨረሰ ብዙ ዓመት አልፎት፣ ቀን እየሠራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን እየተዘጋበት ነው የሚፈተነው። ለዓመታት መዝገብ ሲዘጋ የኖረ ሰው ፈተናውን ሲወድቅ አይቻለሁ። ሙያ ስለሌለው አይደለም። የሚያውቀውንና መጽሐፉ የሚለውን የሚያገናኝለት ቋሚ መምህር ስላላገኘ ነው። ኮሌጆቹ ከሰበሰቡት ክፍያ መጀመሪያ መግዛት የነበረባቸው ይህንን ነበር። ከወደቀ በኋላ ለተማሪው ተጨማሪ ቱቶሪያል በገንዘብ መሸጥ ግፍ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በክፍያው ውስጥ መካተት አለበት።

ዘንድሮ ማታ ለመማር የምታስቡ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ቋሚ መምህራኑ ስንት ናቸው? በዚያ ዲፓርትመንት ባለፈው ዙር ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ? ቤተ መጻሕፍቱ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? እውቅና ደግሞ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። የምትማሩት ፕሮግራም፣ በምትማሩበት ካምፓስ ስም፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዝርዝር ላይ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ የመመዝገቢያውንም ቢሆን አትክፈሉ።