በማን ፈረስ?

«ቁስለኛው ፍሮዶ ወንዙን የተሻገረው በማን ፈረስ ነው?»

ያኔ ተማሪ ሳለን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን እወዳለሁ የሚል ሰው በተገኘ ቁጥር እኔና ጓደኞቼ የምንወረውራት ጥያቄ ይህቺ ነበረች። «በአርዌን» ካለ አለቀለት! ፊልሙን ብቻ ነው ያየው ማለት ነው። ቶልኪን በጻፈው መጽሐፍ ፈረሱ የግሎርፊንደል ነው። በእሱ ቦታ አርዌንን ያስገባት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፒተር ጃክሰን ፊልም ነው።

አንድ ቀን አንዲት የክፍላችንን ልጅ ጠየቅኳት። «በአርዌን» አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን፣

«መጽሐፉን ከየት አምጥቼ ላንብበው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የእኔን አጎቴ ነው ከውጭ የላከልኝ። እሷ ፊልሙን ከቪዲዮ ቤት እየተከራየች ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ለካ እኔ ስፈትን የኖርኩት የታሪኩን ፍቅር ሳይሆን ውጭ አገር ዘመድ ያለውንና የሌለውን ኖሯል!

ይግረማችሁና፣ ቶልኪን ራሱ ቶም ቦምባዲል የተባለውን ገጸ ባሕርይ ምንነት ሆን ብሎ ሳይፈታ ነው የተወው። ደራሲው እንቆቅልሽ ሲተውልን እኛ ፈተና አወጣንበት።

በማግስቱ መጽሐፉን አዋስኳት። ከወር በኋላ ስትመልስልኝ ፈገግ ብላ፣

«የግሎርፊንደል ፈረስ ስሙ ማነው?» አለችኝ።

ጠፋብኝ።

አስፋሎት ነው። ይኸው ለእናንተም ነገርኳችሁ። ማንንም ግን እንዳትፈትኑበት።